ነብሮ ሰው ያመነበት ክረምት

ባለፈው ሐምሌ ኦሎምፒያ አካባቢ ዝናብ ያዘኝና አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ከየት እንደመጣ ያላየሁት ውሻ አጠገቤ ቆሞ ራሱን አራገፈ። ሰዉ ሁሉ ልብሱን እየሰበሰበ ሲሸሽ እኔ ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም። የእርጥብ ውሻ ጠረን፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ አይልም። ያረጀ ጆንያ የሚመስል ሽታ ነው። ለእኔ ግን የአክስቴ የእትዬ ሙሉ ካፖርት ነው የሚሸተኝ።

እትዬ ሙሉ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። በአንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ላይ ስትሠራ ኖራ ጡረታ ስትወጣ፣ ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ሰርቪስ መኖር ጀመረች። «እርስዎ» ስንላት ትቆጣ ነበር። «እርስዎ የሚባለው ቢሮ ነው፤ እዚህ አክስታችሁ ነኝ» ትለናለች። ባል አላገባችም፣ ልጅም አልወለደችም። ዳማ የምትባል ቡናማ ሴት ውሻ ግን ነበረቻት።

ከሁሉ ነገሯ የሚገርመኝ ድምጿ ነበር። ዝግ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ ከሩቅ ተነስቶ ጆሮ ሥር የሚደርስ ድምፅ። ስትናደድ እንኳ ከፍ አይልም። አባቴ ሬዲዮ እያዳመጠ በፖለቲካ ሲጮህ «ወንድሜ፣ የሚጮህ ሰው መስመሩ ተበላሽቷል ማለት ነው» ትለዋለች፤ እሱም ይስቅና ዝም ይላል።

እናቴ ውሻ ቤት እንዲገባ አትፈልግም። ውሻ የገባበት ቤት መልአክ አይገባም ስትባል ነው ያደገችው። እትዬ ሙሉ በዚህ ተከራክራ አታውቅም። ዳማን የበሩ ደፍ ጋ ስትደርስ ቆም እንድትል አስተማረቻት፣ በቃ። ዳማ የፊት እግሮቿን ደፉ አጠገብ አስተካክላ ትቆምና ወደ ውስጥ ትመለከታለች። እኔ ደግሞ በሩ ላይ የቆመውን መልአክ እሷ ብቻ የምታየው ይመስለኝ ስለነበር፣ ከኋላዋ ተንበርክኬ እሷ በምታይበት አቅጣጫ ዓይኔን አጥብቤ አይ ነበር። ከእናቴ ቡፌ በቀር ምንም አልታየኝም።

የምነግራችሁ ክረምት አሥር ዓመት ሊሞላኝ የነበረበት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ካዛንቺስ ያኔ የቆርቆሮ አጥርና የጭቃ ቤት ሰፈር ነበር፤ ከላይ ከዋናው መንገድ ወደ እኛ መንደር ሲወረድ ዝናቡ ጎርፍ ሆኖ አብሮ ይወርዳል። ከአጥራችን ማዶ የጋሽ ተካ ግቢ ነው። ጋሽ ተካ ኦሎምፒያ አጠገብ የመኪና ዕቃ ሱቅ ያለው ትልቅ ሰውዬ ነበር። ውሻውን የማውቀው በድምፁ ብቻ ነው። ስሙ ነብሮ ይባላል። ሲጮህ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ጥጃ የሚያህል፣ ጥርሱ ከአፉ የሚያልፍ አውሬ አድርጌ በሐሳቤ ሣልኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ ኳሴ አጥሩ ሥር ገባች። ላወጣት ጎንበስ ስል ቆርቆሮው ዝጎ የተበሳበት ቦታ አገኘሁና ዓይኔን ደቀንኩ። ጥጃ የሚያህል ነገር አልነበረም። ጎድን አጥንቱ የሚቆጠር፣ ገና ጎረምሳ ውሻ በአጭር ሰንሰለት ከዛፍ ጋር ታስሮ ቆሟል። ጋሽ ተካ አጠገቡ ሆኖ ፍርፋሪ እንጀራ ላይ ቀይ ዱቄት እየነሰነሰ ያሽለታል።

እየሮጥኩ ሄድኩ። እትዬ ሙሉ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የዳማን ጆሮ እያጸዳች ነበር።

«እትዬ! እነ ጋሽ ተካ ውሻቸውን እንዴት እንደሚወዱት! ወጥ እየሠሩለት እኮ ነው፣ በበርበሬ! እኛ ለዳማ ደረቅ እንጀራ ነው የምንሰጣት።»

እጇ ዳማ ጆሮ ላይ እንዳለ ቆመ።

«በበርበሬ?»

«አዎ፣ ብዙ አድርጎ!»

«ውሻውስ ምን ይላል?»

«ይበላል። ከዛ መሬቱን ይልሳል። አፈሩን ይልሳል፣ እርጥቡን።»

ፊቷ ሲለወጥ ያጠፋሁ መሰለኝ። ወደ እሷ ጎትታ ትከሻዬን ያዘችኝ። «ማሂዬ፣ ደግ አድርገሽ ነው የነገርሽኝ። ወጥ አይደለም። ክፉ እንዲሆን ነው የሚያበሉት። ብዙ ሰው ውሻ የሚጠብቀው ሲመረር ነው ብሎ ያምናል። አሁን ስሚኝ፦ ሌላ ሰው ቢጠይቅሽ ያየሽውን ብቻ ተናገሪ፣ አንድ ቃል አትጨምሪ። በዚያ ቀዳዳ እጅሽን አታስገቢ። ልፍታው ብለሽም እንዳትሄጂ፤ የሚያመው ውሻ የሚረዳውን ሰው አይለይም።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ካፖርቷን ለብሳ ወደ ጋሽ ተካ ቤት ስትሄድ ተከተልኳት። የሰውየው መጨረሻ መስሎኝ ነበር። ፖሊስ እንደሚመጣ፣ ጋሽ ተካ በካቴና እንደሚወሰድ እርግጠኛ ነበርኩ። ጋሽ ተካ በሩን ራሱ ከፈተና «እትዬ ሙሉ! ይግቡ እንጂ» አለ።

እሷ ግን የጠየቀችው ስለ ሚስቱ ጤና፣ ስለ ትንሿ ልጁ ስለ ሜሮን፣ ስለ ሱቁ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ቀስ ብላ «ተካ፣ ውሻህን ላየው እችላለሁ?» ያለችው።

ራቅ ብላ ቆማ አየችው። ነብሮ እስከ ሰንሰለቱ ጫፍ ዘሎ ጮኸ፣ ታንቆ ወደ ኋላ ወደቀ፣ ተነስቶ እንደገና ዘለለ። ሰንሰለቱን አንገቱ ላይ ያጠበቀው ሽቦ ነበር። ዙሪያውን ፀጉሩ አልቆ ሥጋው ይታያል።

«አንገቱ ቆስሏል፤ አይተኸዋል?»

«ውሻ አይደል እንዴ፣ ይድናል።»

«የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዷል?»

ጋሽ ተካ አንገቱን አከከ። «እትዬ ሙሉ፣ አክብሬዎት ነው የምሰማዎት። ግን ውሻው የኔ ነው። የርስዎ ዓይነት አይደለም። የርስዎ ለጨዋታ ነው፣ የኔ ለሥራ ነው። ካልመረረው አይነክስም።»

«ያንተ ነው፣ ልክ ነህ» አለች። «ለሐኪም ማሳየት ከፈለግህ እኔ የማውቃት አለች። ለውሃው ደግሞ ጎድጓዳ ሳህን ላምጣልህ፤ ያለው ተደፍቷል።» አመስግና ወጣች።

መንገድ ላይ ሳላለቅስ አልቀረሁም። «ለምን አልተቆጣሽውም? ለምን ዝም አልሽው?»

«ዝም አላልኩትም። ዛሬ ብጣላው ግን ነገ በሩን ማን ይከፍትልኛል? ውሻው ያለው እኮ ከበሩ ወዲያ ነው።»

«ካልሰማሽስ?»

«ሽማግሌ አለ። እሱም ካልሆነ ቀበሌ አለ፣ የእንስሳት ሐኪም አለ። ያን ጊዜ አልፈራውም፣ አላፍረውም። ግን መጀመሪያ ራሱ ይስማኝ።»

በየቀኑ ከሰዓት የውሃውን ሳህን ልሙላ ብላ ትሄድ ጀመር። ጋሽ ተካ ፊቱን ቢያጠቁርም ትልቅ ሴትን ከበር የሚመልስ ሰው አልነበረም። ሳህኑን በረጅም እንጨት ትገፋለታለች፤ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። ሲጮህ ቆማ ትጠብቃለች፤ ዝም ያለ ዕለት ቁራሽ ነገር ትወረውርለታለች። በርበሬውን ጋሽ ተካ ማቆም አለማቆሙን አናውቅም ነበር።

ሐምሌ ሳያልቅ በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ መጣ። ነጎድጓዱ ሰፈሩን ሲያናውጠው ነብሮ የታሰረበት ሽቦ ተበጠሰ። የሰማነው ከውጭ የመጣውን ጩኸት ነው። «አብዷል! እብድ ውሻ!»

ስንወጣ ሰዉ ከየግቢው ፈስሷል። ነብሮ ከመንደሩ መጨረሻ፣ መውጫ የሌለው ጥግ ላይ ተጣብቋል። ወንዶቹ ድንጋይ ይዘዋል፤ አንዱ የአልጋ ብረት ይዟል። የተወረወረ ድንጋይ ጎኑን ሲያገኘው የሰማሁት ድምፅ፣ ያ ቆርቆሮ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ አይደለም። የቡችላ ድምፅ ነው።

እትዬ ሙሉ ጃንጥላዋን አጥፋ ለእኔ ሰጠችኝ። «እዚሁ ቁሚ፤ አትከተይኝ» አለችና በሰዉ መካከል አለፈች።

«ድንጋዩን አስቀምጡ። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ በሉለት። ፈርቶ ነው።»

ያቺው የስልክ ድምፅ ናት። ከፍ አላለችም። ግን በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ሁሉም ሰማት።

«እትዬ፣ ይነክስዎታል!» አለ ብረት የያዘው ሰውዬ።

«እናንተ ከተጠጋችሁ አዎ፣ ይነክሰኛል። ስለዚህ ራቁልኝ።»

ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ። እሷ ከነብሮ ራቅ ብላ፣ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ዞራ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከካፖርቷ ኪስ ዳማ የምትሸለምበትን ቁራሽ አውጥታ አጠገቧ ጣል አደረገች። ከዚያም አፏን በሰፊው ከፍታ አዛጋች። ትንሽ ቆይታ ደገመችው።

እኔ በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ እያየ፣ አክስቴን እንቅልፏ መጣ! በኋላ ነው የነገረችኝ። ማዛጋት፣ ፊትን ማዞር፣ በጎን መቀመጥ፣ ውሾች ራሳቸው እርስ በርሳቸው «አልጣላህም» የሚባባሉበት መንገድ ነው። ማን እንዳስተማራት ስጠይቃት «ዳማ» አለችኝ።

ነብሮ ሆዱን መሬት እያስነካ መጣ። ቁራሹን አንስቶ ሸሸ። ሁለተኛውን አንስቶ ትንሽ ሸሸ። በመጨረሻ ሲርቅ አላየሁትም፤ የካፖርቷ ጫፍ ሥር ጭንቅላቱን ከቶ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ለረጅም ጊዜ አልነካችውም። ቆይታ የካፖርቷን ቀበቶ ፈትታ፣ ቁስሉን ሳታስነካ ከፊት እግሮቹ በኋላ በደረቱ ዙሪያ አሰረችው።

ጋሽ ተካ ከሱቁ እየሮጠ የደረሰው ይሄኔ ነው። ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። መጀመሪያ ውሻውን አየ፣ ቀጥሎ ሰዉን።

«ይውሰዱት» አለ። «በቃ፣ ለርስዎ ሰጥቼዎታለሁ።»

«አልወስደውም። ለዚህ ክረምት አውሰኝ። ከዚያ ትረከበኛለህ፤ አንተም እየመጣህ ታያለህ።»

«እኔ ምን አያለሁ?»

«እንዴት እንደሚለመድ።»

ጋሽ ተካ ጭቃ የሆነ ጫማውን አየ። ከዚያ ሁላችንም እየሰማን፣ ለእሷ ብቻ እንደሚነግር ሰው፣ «ሜሮን አራስ ቤት እያለች ነው እኮ ሌቦች የገቡብን» አለ። «እኔ ለዕቃ ናዝሬት ሄጄ። ሚስቴ ብቻዋን ነበረች። ሕፃኗን ታቅፋ አልጋ ሥር ገብታ... ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ እትዬ ሙሉ። አምና ውሻውን ያመጣሁት ለዚያ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ስትፈራ ያለህን ኃይል ሁሉ እሱ ላይ አወጣህ። እሱም ፈሪ ሆነ። ሁለት ፈሪ አንድ ቤት አይጠብቅም።»

እኔ እስከዚያ ቀን ትልቅ ወንድ ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሐኪሟ መጣች፤ ወፍራም ቦቲ ያደረገች ፈገግተኛ ሴት። ቁስሉን አጠበች፣ ከተበችው፣ ለጥቂት ጊዜ ከሌላ ውሻም ከእኛም ለይተን እንድናቆየውና እንድናስተውለው አዘዘች። እትዬ ሙሉ ሰርቪሷ ጎን በጣውላ ማደሪያ ሠራችለት። ያ ጊዜ በደህና ሲያልፍ ትምህርቱ ተጀመረ።

ከሥጋ ቤት ሳንባ እናመጣለን። እሱን ቀቅላ፣ ቀዝቅዞ ሲጠጥር ከባቄላ ፍሬ በማይበልጥ መጠን ትከትፈዋለች። ፍልሰታ ገብቶ ነበርና ግቢው ውስጥ ጦርነት ሊነሳ ምንም አልቀረውም።

«እትዬ ሙሉ! ሰው በሽሮ፣ ውሻ በሥጋ?» ትላለች እናቴ ከኩሽናው በር ሆና። «በፍልሰታ ቤቱን በሥጋ ሽታ ሞሉት እኮ!»

«እሱ ሲጦም ነው የከረመው፤ አሁን ፍስክ ነው» ትመልስላታለች። ራሷ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ ነበር ያን ሁሉ ሳንባ የምትከትፈው። ስትጨርስ እጇን በሳሙና ደጋግማ ታጥባለች። እናቴ ይህን አይታ ነው መሰለኝ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ አሮጌ ብርድ ልብስ አምጥታ ምንም ሳትናገር የነብሮ ማደሪያ ላይ ጣለችው።

ስሙን እንደገና ነው ያስተማረችው። ነብሮ በተባለ ቁጥር ጆሮውን ያጥፍ ነበር፤ ስሙ የዱላ መጀመሪያ ስለሆነ። እትዬ ሙሉ ስሙን ዝግ ብላ ትጠራና ወዲያው ሳንባ ትጥልለታለች። መምጣት አይጠበቅበትም፣ መቀመጥ አይጠበቅበትም። «ነብሮ» ማለት ሳንባ ማለት ብቻ ሆነ። በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ስትጠራው ጆሮው ቀጥ ሲል፣ እኔን እያየች በሁለት እጇ አፏን ሸፈነች። ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ እስካሁን አላውቅም።

«ና» ማለትን ለእኔ ሰጠችኝ። ግን አስቀድማ መሐላ የመሰለ ነገር አስገባችኝ።

«ጠርተሽ አትቆጪው። ጫማሽን ቢበላ፣ ልብስሽን ቢቀድ፣ ጠርተሽ አትቆጪው። ጠርቶ የሚመታ ሰው ጋ ማን ሁለተኛ ይመጣል? አንቺ ትመጫለሽ?»

«አልመጣም።»

«በይ እንግዲህ።»

ሳይሰለቸው እናቆማለን። ጥሩ ያደረገበት ላይ እንጨርሳለን። ያልገባው ቀን እሷ የምትለው «አላስረዳነውም» ነው እንጂ «አልሰማ አለ» አይደለም። ትምህርት ቤት ያሉት መምህሮቼ አንድ በአንድ ትዝ ይሉኝና በሐሳቤ ከእትዬ ሙሉ ጋር አወዳድራቸው ነበር። ብዙዎቹ ይወድቃሉ።

አንድ ማለዳ ሰው ሳይበዛ መስቀል አደባባይ ወሰድነው። እሷ ነብሮን ይዛለች፣ እኔ ዳማን። ደረጃዎቹ ላይ ሯጮች ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ ትንፋሻቸው ጭስ ሆኖ ይታያል። የታክሲ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እየተጣራ አለፈ። ነብሮ ባለበት ደረቀ። እትዬ ሙሉ ገመዱን አልጎተተችም። ጎን ለጎን ቆማ አብራው ሯጮቹን ታይ ጀመር፤ ቸኩላ የማታውቅ ሴት። አንዱ ሯጭ ቁልቁል እየመጣ «ይናከሳል?» ብሎ ጠየቃት።

«እየተማረ ነው» አለችው።

ሯጩ ሳቀና ለነብሮ ሰፊ መንገድ ትቶለት በዳር ዞረ። እኔ በዚያን ጊዜ ከአክስቴ የሚበልጥ ሰው ደረጃው ላይ ያለ አልመሰለኝም፤ በላባቸው የሚያብረቀርቁት ሁሉ ተደምረው እንኳ።

ጋሽ ተካ መጀመሪያ በአጥሩ ላይ አሻግሮ፣ ኋላ በበሩ እየገባ ያይ ጀመር። እጁን ኪሱ ከትቶ ይቆምና ይሄዳል። ጳጉሜን ሲገባ እትዬ ሙሉ «ጊዜው ደርሷል» አለችው። ነብሮን ይዘን ወደ ግቢው ሄድን። ሚስቱ በረንዳ ላይ ወጣች። ሜሮን እግሯ ሥር ተቀመጠች።

ጋሽ ተካ ጉሮሮውን ጠረገ። ሱቅ ውስጥ ሠራተኛ በሚጠራበት ድምፅ «ነብሮ!» አለ።

ነብሮ መሬት ላይ ተለጠፈ። ጅራቱን ሆዱ ሥር ቀብሮ ባለበት ሸናው።

ሜሮን፣ ምናልባት አራት ዓመቷ ነበር፣ እንደ ዋዛ «አባዬ፣ አንተን እኮ ነው የፈራህ» አለች።

የጋሽ ተካ ፊት ሲሆን የነበረውን አልረሳውም። ተቆጥቶ ወደ ቤት ይገባል ብዬ ጠበቅኩ። እትዬ ሙሉ አልገሠጸችው፣ «አየህ?» አላለችው። ሄዳ መዳፉ ላይ ጥቂት ሳንባ አደረገችለትና ጣቶቹን ራሷ አጠፈችለት። «ዝቅ በል። አትመልከተው። እንደ ሰው አናግረው» ብላ ወደ እኔ ተመልሳ ቆመች።

ያ ትልቅ ሰውዬ በሱቅ ሱሪው ጭቃው ላይ ተቀመጠ። አንገቱን ወደ ጎን አዞረ። እጁን ዘርግቶ መሬት ላይ አሳረፈ። «ነብሮ» አለ፤ በጭንቅ ነው የሰማነው። ውሻው አልመጣም። የሞባይሉ ጥሪ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፣ ጮኸ፣ አቆመ። አላነሳውም። እንደገና «ነብሮ» አለ። ከዚያ እንደማፈር ብሎ አፉን ከፍቶ አዛጋ። ሜሮን ሳቀች፤ እናቷ አፏን ያዘቻት።

ነብሮ አንድ እግሩን አነሳ። አስቀመጠው። ወደ እትዬ ሙሉ ዞሮ አየ፤ እሷ ሰማይ ሰማይ ታያለች። አንገቱን አስረዝሞ፣ የኋላ እግሮቹ ለመሸሽ እንደተዘጋጁ፣ ከጋሽ ተካ ጣት ጫፍ ላይ ሳንባውን አነሳ። አልሸሸም። መዳፉን ላሰ፣ የጣቶቹን መሐል ላሰ። ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ተነፈሰና አገጩን ጋሽ ተካ ጫማ ላይ አሳረፈ።

ጋሽ ተካ ትንፋሹን ውጦ ደረቀ። ዝናቡ ማንጠባጠብ ጀምሮ ነበር።

«እትዬ ሙሉ» አለ ሳይዞር፣ በሹክሹክታ። «አሁን ምን ላድርግ?»

«ምንም» አለችው። «አምኖሃል። ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

ዝናቡ ጠና። እኛ በረንዳው ላይ ወጣን። እሱ ከነውሻው እዚያው ተቀምጦ ቀረ።